«ማን ያሸንፋል?» ከማለታችን በፊት

ኖቬምበር 2007 ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ፣ የእኛ ታክሲ ነጂዎች በሚያዘወትሩት አንድ ካፌ ቁጭ ብለናል። ያን ሳምንት ለባራክ ኦባማ የምርጫ ዘመቻ 25 ዶላር ልኬ ነበር። በሕይወቴ ለፖለቲከኛ ገንዘብ ስሰጥ የመጀመሪያዬ ነው። ደስ ብሎኝ ለጠረጴዛው ሁሉ ነገርኩ።

ጋሼ የምላቸው አንድ አንጋፋ ሹፌር ማኪያቷቸውን ወደ ጎን ገፋ አደረጉና ጋዜጣ ዘረጉልኝ። የሕዝብ አስተያየት ጥናት ውጤት ነው። ለዴሞክራት ፓርቲ ዕጩነት በሚደረገው ፉክክር ሂላሪ ክሊንተን በአገር አቀፍ ደረጃ ኦባማን ከ20 ነጥብ በላይ ይመራሉ። «ልጄ፣ ገንዘብህን ለምን ትበትናለህ? ሰውየውን እኔም እወደዋለሁ። ግን ይሄ ነገር አልቋል» አሉኝ።

አልቋል። አንድም ሰው ድምፅ አልሰጠም። የመጀመሪያው ምርጫ፣ የአይዋ ኮከስ (የፓርቲ አባላት ተሰብስበው ዕጩ የሚመርጡበት)፣ ገና ከስድስት ሳምንት በላይ ይቀረዋል። እሳቸው ግን ሐዘን የደረሰበትን ሰው እንደሚያጽናኑ ሆነው ነው ያወሩኝ። እኔም እውነቴን ነው፣ አመንኳቸው። ቤቴ ስገባ 25 ዶላሬ ቆጭቶኛል።

ይህን የማነሳው ጋሼን ለመውቀስ አይደለም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን አንድ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣም። እሳቸው የሚፈልጉት ኦባማን ነበር። በአፋቸው ነግረውኛል። የደገፉት ግን ሌላ ሰው ነው። በመካከል የገባው አንድ ጥያቄ ነው፤ «ማን ያሸንፋል?» የሚል። «ማንን እፈልጋለሁ?» የሚለውን ጥያቄ ዋጥ አደረገው።

አሁንም እዚያው ነን። የ2024 ምርጫ ተጠናቆ ሳምንታት እንኳ ሳይቆጠሩ ስለ 2028 ጥናት መውጣት ጀመረ። በሪፐብሊካን በኩል ጄዲ ቫንስ ይመራሉ። በዴሞክራት በኩል መጀመሪያ ካማላ ሃሪስ ከላይ ተቀመጡ። በ2025 ክረምት ደግሞ ጋቪን ኒውሰም ከፍ ብለው ታዩ። ፒት ቡቲጄጅ አሉ። አሌክሳንድሪያ ኦካሲዮ ኮርቴዝ አሉ። የእኛም ሰው በየግሩፑና በየማኅበሩ ፐርሰንት ይቀባበላል። «እገሌ አለቀለት»፣ «እገሊትማ አይሆንላትም» ይባላል። ስሰማው ያ ጋዜጣ ፊቴ ላይ ይመጣብኛል።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላልና ከሥሩ እንጀምር። ምርጫው ዓመት ከዚያም በላይ ሲቀረው የሚደረግ ጥናት ምንድነው የሚለካው? በአብዛኛው ስም ነው።

ባለቤቴን አንድ ጊዜ በስልክ ጠይቀዋታል። አጠገቧ ነበርኩ። ጠያቂዋ ከአሥር በላይ ስም በተከታታይ አነበበችላት። ባለቤቴ «ገና አልወሰንኩም» አለች። ልጅቷ በትህትና ደገመችው፤ «ምርጫው ዛሬ ቢሆንስ?» አለቻት። ባለቤቴ ትንሽ አሰበችና ከተነበቡላት ስሞች የምታውቀውን አንዱን ጠራች። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ «ለምን እሱን አልሽ?» ስላት «ምን ላድርግ፣ ሌሎቹን አላውቃቸውም» አለችኝ። ያ መልስ በማግስቱ «ድጋፍ» ተብሎ ይቆጠራል። በግራፍም ይሳላል።

ጥፋቱ የእሷም የጠያቂዋም አይደለም። ሰው ያላየውን ዕቃ አይመርጥም። ግን ይህ መልስ የሚነግረን ከዚህ በፊት በቴሌቪዥን ማን እንደታየ ነው። ወደፊት ማን እንደሚመረጥ አይነግረንም።

ለዚህ ነው የመጀመሪያ መሪዎች ታሪክ በመውደቅ የተሞላው። በ2003 መጀመሪያ ላይ የዴሞክራቶቹን ፉክክር በብዙ ጥናቶች ይመሩ የነበሩት ጆ ሊበርማን ናቸው። በ2000 ለምክትል ፕሬዚዳንትነት የተወዳደሩ ስለነበሩ ስማቸውን ሁሉም ያውቃል። በፌብሩዋሪ 2004 መጀመሪያ ላይ አንድም ክፍለ ግዛት ሳያሸንፉ ወጡ። ያን ጊዜ ደግሞ በ2003 መጨረሻ ላይ «ዕጩው እሳቸው ናቸው» የተባለላቸው ሃዋርድ ዲን በአይዋ 18 ፐርሰንት ብቻ አግኝተው ሦስተኛ ሆነዋል። ያሸነፉት ከወራት በፊት ብዙዎች ተስፋ የቆረጡባቸው ጆን ኬሪ ናቸው።

ሩዲ ጁሊያኒም አሉ። ሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 የኒው ዮርክ ከንቲባ የነበሩ ሰው ናቸው። ስማቸውን የማያውቅ አሜሪካዊ የለም። 2007ን ሙሉ ለማለት በሚቻል ሁኔታ የሪፐብሊካኖቹን ጥናት መሩ። ተስፋቸውን ሁሉ በፍሎሪዳ ላይ ጣሉ። ጃንዋሪ 29 ቀን 2008 ፍሎሪዳ ደረሰች፤ ሦስተኛ ወጡ። በማግስቱ ከውድድሩ ወጡ። የት ይደርሳል የተባለ ወይፈን ልኳንዳ ቤት ተገኘ የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው። በተቃራኒው ጆን ማኬይን በ2007 ክረምት ካዝናቸው ተራቁቶ፣ ሠራተኞቻቸው ጥለዋቸው ሄደው ነበር። የፓርቲው ዕጩ የሆኑት ግን እሳቸው ናቸው።

ጂሚ ካርተርን ማንሳት የተለመደ ነው። ቢሆንም አልዘላቸውም። ከ1976 ምርጫ በፊት ከጆርጂያ ውጭ የሚያውቃቸው ሰው ጥቂት ስለነበር «ጂሚ ማን?» ይባሉ ነበር። አይዋ ውስጥ ሰው ቤት እያደሩ፣ ገበሬ እየጨበጡ ከረሙ። በአይዋ ካገኙት 28 ፐርሰንት ይልቅ «ገና አልወሰንንም» ያሉት 37 ፐርሰንት ይበልጡ ነበር። ከሰዎቹ መካከል ግን አንደኛ እሳቸው ነበሩ። ያ በቂ ሆነ። በዓመቱ ዋይት ሐውስ ገቡ።

ሌላም ነገር አለ። ስለ እሱ ሰው ሲያወራ ስለማልሰማ ትንሽ ልቆይበት። «በአገር አቀፍ ደረጃ ይመራል» ይባላል። ግን አገር አቀፍ ፕራይመሪ (ፓርቲ ዕጩውን የሚለይበት ምርጫ) የሚባል ነገር የለም። ዕጩው የሚመረጠው በየክፍለ ግዛቱ፣ በተለያየ ቀን፣ በተለያየ ሕግ ነው። አንዱ ክፍለ ግዛት የሚያደርገውን ያየ ሌላው ሐሳቡን ይቀይራል። ዴሞክራቶች ዴሌጌት (በፓርቲው ጉባኤ ዕጩውን የሚመርጥ ወኪል) የሚያከፋፍሉት 15 ፐርሰንትና ከዚያ በላይ ላመጣ ሰው በድርሻው ነው። በሪፐብሊካን በኩል ደግሞ አሸናፊው ሁሉንም ጠቅልሎ የሚወስድባቸው ክፍለ ግዛቶች አሉ። ስለዚህ አገር አቀፉ ጥናት በየትኛውም ቀን የማይካሄድን ምርጫ ውጤት ነው የሚነግረን።

ቁጥሩም ራሱ እንደምናስበው ጠንካራ አይደለም። አንድ ጥናት 1,000 ሰው ጠየቀ እንበል። ከእነሱ መካከል በአንዱ ፓርቲ ፕራይመሪ ድምፅ የሚሰጡት ምናልባት 400 ናቸው። ለ400 ሰው የስህተት ኅዳጉ ወደላይም ወደታችም 5 ነጥብ ገደማ ነው። እና 4 ፐርሰንት ያለው ሰው 2 ፐርሰንት ካለው ይበልጣል ብለን በምን እንማላለን?

ግን ይማሉበታል። ከዚህም አልፎ ይፈርዱበታል። እዚህ ላይ ነው ነገሩ ሆዴን የሚበላኝ።

ኦገስት 6 ቀን 2015 ክሊቭላንድ ውስጥ የሪፐብሊካኖቹ የመጀመሪያ ክርክር ተካሄደ። ዕጩዎቹ 17 ነበሩ። አዘጋጁ ቴሌቪዥን የአምስት አገር አቀፍ ጥናቶችን አማካይ ወስዶ የመጀመሪያዎቹን 10 ብቻ ዋናው መድረክ ላይ አወጣ። ሰባቱን ሰው ከሥራ ገና ሳይመለስ በተላለፈ ክርክር ላይ አስቀመጣቸው። ቴክሳስን 14 ዓመት ያስተዳደሩት ሪክ ፔሪ 11ኛ ሆነው ዋናው መድረክ አመለጣቸው። በእሳቸውና በ10ኛው መካከል የነበረው ልዩነት 2 ነጥብ እንኳ አይሞላም። በሚቀጥለው ወር ከውድድሩ ወጡ።

ሩጫ እናውቃለን እኛ። በአሥር ሺህ ሜትር በሦስተኛው ዙር ላይ ማን እንደሚመራ ማንም ልብ አይለውም። ኃይሌ ሲድኒ ላይ ፖል ቴርጋትን የቀደመው የመጨረሻዎቹ ሜትሮች ላይ ነው። እስከዚያ ድረስ ከኋላ ነበር። በሦስተኛው ዙር 11ኛ የሆነን ሯጭ «አንተ ከመም ውጣ» የሚል ዳኛ ግን አይተን አናውቅም። በአሜሪካ ፕራይመሪ ዳኛው እንዲህ ይላል። ሰዎች ስላላወቁህ ጥናቱ ላይ ዝቅ አልክ። ዝቅ ስላልክ መድረክ አታገኝም። መድረክ ስላላገኘህ ሰዎች አያውቁህም። ለጋሹም ይሄን አይቶ ኪሱን ይዘጋል።

በ2019 ዴሞክራቶች ይህን ለማስተካከል ሞከሩ። ለመጀመሪያው ክርክር በሦስት ጥናቶች 1 ፐርሰንት ያገኘ ወይም 65,000 ለጋሾች ያሰባሰበ ይግባ አሉ። መልካም ሐሳብ ነበር። ቆይቶ ግን መስፈርቱ እየከበደ ሄደ። ካማላ ሃሪስ በዲሴምበር 3 ገንዘብ አልቆባቸው ወጡ። ኮሪ ቡከር የዲሴምበሩ ክርክር አመለጣቸውና በጃንዋሪ ወጡ። በጃንዋሪ 14 ቀን 2020 መድረኩ ላይ የቆሙት ስድስቱም ዕጩዎች ነጮች ነበሩ። ያ ውድድር ሲጀምር በዘርም በጾታም በጣም የተለያዩ ሰዎች የተሰለፉበት ተብሎ ተወድሶ ነበር። እስከዚያ ምሽት ድረስ አንድም መራጭ ድምፅ አልሰጠም።

ከጥናቱ ቀጥሎ የሚመጣው ደግሞ «ግምት» የሚሉት ነገር ነው። ይሄ ከቁጥሩ የባሰ ነው። ምክንያቱም ድምፅ ከተሰጠ በኋላም አይለቅም። ያሸነፈውን ተሸናፊ፣ የተሸነፈውን አሸናፊ ያደርጋል።

በ1972 ኤድመንድ መስኪ የኒው ሃምፕሻየርን ፕራይመሪ 46 ለ37 አሸነፉ። የሚከተሏቸው ጆርጅ መክገቨርን ነበሩ። 9 ነጥብ ቀላል ልዩነት አይደለም። ግን መስኪ የጎረቤቷ የሜይን ሰው ስለሆኑ ከ50 በላይ ያመጣሉ ተብሎ ተጠብቆ ነበር። ስለዚህ «ተሸነፉ» ተባለ። ዕጩ የሆኑት መክገቨርን ናቸው። ከዚያ በፊት በ1968 ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን እዚያው ኒው ሃምፕሻየር ውስጥ ዩጂን ማካርቲን 49 ለ42 አሸንፈው ነበር። ማንም ድል አላለውም። በዚያው ወር መጨረሻ ላይ ዳግም እንደማይወዳደሩ አሳወቁ።

ቢል ክሊንተን በ1992 እዚያው ሁለተኛ ወጡ። 25 ፐርሰንት ብቻ አገኙ። አንደኛ የወጡት ፖል ሶንጋስ 33 ፐርሰንት አላቸው። ግን ክሊንተን በቅሌት ወሬ ተከበው ስለነበር «ይወድቃሉ» ተብለው ነበር። ስላልወደቁ ብቻ በዚያ ምሽት ወጥተው እንደ አሸናፊ ተናገሩ። ጋዜጣውም ተቀበላቸው። ስለ ሶንጋስ «ጎረቤት ናቸው፣ ማሸነፋቸው አይገርምም» ተባለ።

እኔን ከሁሉም የሚገርመኝ ግን የ1984ቱ ነው። ዋልተር ሞንዴል በአይዋ 49 ፐርሰንት አገኙ። ሁለተኛ የወጡት ጋሪ ሃርት 16 ፐርሰንት ብቻ አላቸው። ልዩነቱ 33 ነጥብ ነው! ሆኖም ሞንዴል እንደሚያሸንፉ ሁሉም ስለሚያውቅ ዜና አልሆነም። ዜናው «ሃርት ሁለተኛ ወጡ» የሚል ነበር። በሳምንቱ ኒው ሃምፕሻየር ላይ ሃርት አሸነፉ። ሞንዴል በመጨረሻ ዕጩነቱን ቢያገኙም ከባድ ውጊያ ነው የጠየቃቸው።

የምርጫ ዘመቻ ሰዎች ይህን አሳምረው ያውቃሉ። ለዚህም ነው ከምርጫው በፊት ባለው ሳምንት ሁሉም ዕጩ ድንገት ትሑት የሚሆነው። «እዚህ ብዙ አንጠብቅም» ይላሉ። አጥሩን ዝቅ አድርገው ይዘሉታል። እኛ ተመልካቾቹ የዘለለውን እናያለን። አጥሩን ማን እንደሠራው አንጠይቅም።

ጥናት ሁሉ ከንቱ ነው እያልኩ አይደለም። እንዲህ ብዬ ብጽፍ ውሸት ይሆናል። ጆርጅ ደብሊው ቡሽና አል ጎር ለ2000 ምርጫ ከመጀመሪያ ጀምረው መርተው ዕጩ ሆነዋል። በ2016 ሂላሪ ክሊንተንም እንዲሁ። ዶናልድ ትራምፕ ጁን 16 ቀን 2015 እንደሚወዳደሩ አስታወቁ፤ በወሩ የጥናቶቹ መሪ ሆኑ። ከዚያ በኋላም ከሞላ ጎደል አልወረዱም። ያን ጊዜ የተሳሳቱት ጥናቶቹ አልነበሩም። የተሳሳቱት ተንታኞቹ ናቸው። «ይህ ሰው ዕጩ አይሆንም» የሚል ግምት ይዘው ዓይናቸው ሥር የነበረውን ቁጥር አላምን አሉ። ገንዘቡም ወደ ጄብ ቡሽ ነበር የፈሰሰው። ለእሳቸው የተቋቋመው ድርጅት በግማሽ ዓመት ውስጥ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰብስቧል። ፌብሩዋሪ 20 ቀን 2016 አንድም ክፍለ ግዛት ሳያሸንፉ ወጡ።

ስለዚህ እኔ የምፈራው ቁጥሩን አይደለም። ቁጥሩ ላይ ተመርኩዘን በራሳችን ላይ የምንፈርደውን ፍርድ ነው።

ወደ 2008 ምርጫ ልመለስ። ፉክክሩ ሲጀመር ጥቁር አሜሪካውያን ራሳቸው ከኦባማ ጋር አልነበሩም። ቢያንስ ብዙዎቹ። በ2007 ብዙ ጥቁር መራጮች ክሊንተንን ይደግፉ ነበር። ሰውየውን ስላልወደዱት አይደለም። ነጩ ሕዝብ ይመርጠዋል ብለው ስላላመኑ ነው። ልክ እንደ ጋሼ። ጃንዋሪ 3 ቀን 2008 ከ90 ፐርሰንት በላይ ሕዝቧ ነጭ የሆነችው አይዋ ኦባማን 38 ፐርሰንት ሰጥታ አንደኛ አደረገቻቸው። ክሊንተን በጆን ኤድዋርድስም ተቀድመው ሦስተኛ ወጡ። በዚያው ወር 26 ቀን ሳውዝ ካሮላይና ላይ ኦባማ 55 ለ27 አሸነፉ። በሁለቱ ቀናት መካከል ሰውየው አልተለወጠም። የተለወጠው «አይሆንም» የሚለው ነገር ነው።

በመካከሉ ደግሞ ሌላ ትምህርት አለ። ከአይዋ በኋላ ባሉት አምስት ቀናት ጥናቶቹ ሁሉ ተገልብጠው «ኒው ሃምፕሻየርንም ኦባማ በሰፊው ይወስዳል» አሉ። ያን ጊዜ እኔ ነበርኩ ካፌው ውስጥ «አልቋል!» እያልኩ የጮኽኩት። ክሊንተን 39 ለ36 አሸነፉ። ስለዚህ በጥቂት ወራት ውስጥ ሁለት ጊዜ፣ በሁለት አቅጣጫ፣ ያላለቀ ነገር አልቋል ተባለ።

በ2020ም ያየነው ይሄንኑ ነው። ጆ ባይደን በአይዋ አራተኛ፣ በኒው ሃምፕሻየር አምስተኛ ወጡ። ቴሌቪዥኑ ሁሉ ሸኛቸው። ከዚያ ፌብሩዋሪ 26 ቀን የሳውዝ ካሮላይናው የምክር ቤት አባል ጂም ክላይበርን ድጋፋቸውን ሰጡ። በ29ኛው ቀን ባይደን በሰፊ ልዩነት አሸነፉ። ከሦስት ቀን በኋላ ሱፐር ቱዝደይ (ብዙ ክፍለ ግዛቶች በአንድ ቀን የሚመርጡበት ማክሰኞ) ላይ ውድድሩ ተገለበጠ። ያን ቀን የገለበጡት ሰዎች «እሳቸውማ አልቆላቸዋል» ሲባል እየሰሙ ቤተ ክርስቲያን ደርሰው፣ ከሥራ ወጥተው፣ ተሰልፈው ድምፅ የሰጡ ሰዎች ናቸው። እኔ ባይደንን የምደግፍ ብሆንም ባልሆንም የእነዚያን ሰዎች ነገር አከብራለሁ።

እኛስ?

እኛ በእነዚህ ጥናቶች ውስጥ የለንም ብል ማጋነን አይመስለኝም። በአማርኛ ደውሎ የጠየቀኝ የለም። የማውቀው ሰውም በአማርኛ ተጠይቆ አያውቅም። ማታ የሚነዳ ሰው በማያውቀው ቁጥር ሲደወልለት አያነሳም። ያነሳችው እናት ደግሞ በእንግሊዝኛ የሚጠየቀውን ጥያቄ እስከ መጨረሻው አትሰማም። ስለዚህ እኛ ሳንጠየቅ የወጣን ቁጥር አንብበን ነው እኛው ተስፋ የምንቆርጠው።

ድምፅ መስጫው ጋ ግን አለን። ያውም በሚያስፈልግበት ቦታ። ላስ ቬጋስ ውስጥ ብዙ ሕዝብ አለን፤ ታክሲ የሚነዳ፣ ካዚኖ ውስጥ የሚሠራ። ኔቫዳ ደግሞ መጀመሪያ ከሚመርጡት ክፍለ ግዛቶች አንዷ ናት። በ2020 የዴሞክራቶቹ ኮከስ ላይ ኔቫዳ ውስጥ የተሳተፈው ሰው በጠቅላላ ወደ 105,000 ገደማ ነው። በዚያ ምርጫ 60,000 ያህል አባላት ያሉት የሆቴልና የምግብ ሠራተኞች ማኅበር የበርኒ ሳንደርስን የጤና መድን ዕቅድ ይቃወም ነበር። ስለዚህ ካዚኖዎቹ ውስጥ ሳንደርስ ይቸገራሉ ተብሎ ተገመተ። ሠራተኞቹ መጡ፤ የፈለጉትን መረጡ። በካዚኖ ውስጥ ከነበሩት ጣቢያዎች በአብዛኞቹ ሳንደርስ አሸነፉ። የሪፐብሊካኖቹ የአይዋ ኮከስ በ2024 ሲካሄድ ደግሞ ከ3 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ባላት ስቴት የወጣው ሰው 110,000 ገደማ ነበር። እንዲህ ባለ ምርጫ ውስጥ የአንድ ማኅበረሰብ መውጣትና መቅረት ያስታውቃል።

ቨርጂኒያ ያለን ሰዎች ሌላ ዕድል አለን። እዚህ መራጭ ሲመዘገብ ፓርቲ አይጠየቅም። የፈለግነው ፓርቲ ፕራይመሪ ላይ መግባት እንችላለን። ድምፅ የምንሰጠውም በሱፐር ቱዝደይ ነው፤ ውድድሩ ገና ሳይሞት። ወንዙን ተሻግሮ ሜሪላንድ ያለው ወገናችን ግን ሁለት ነገር ይጠብቀዋል። አንደኛ፣ በዋናዎቹ ፓርቲዎች ፕራይመሪ ለመሳተፍ በፓርቲው አባልነት መመዝገብ አለበት። ይህን ሳያውቅ በዕለቱ ሄዶ የተመለሰ ሰው አውቃለሁ፤ በጣም ነው ያዘነው። ሁለተኛ፣ የሜሪላንድ ተራ ዘግይቶ ነው የሚደርሰው። በ2024 ሜይ 14 ቀን ነበር። ዋሽንግተን ዲሲ ደግሞ የምርጫ መረጃ በአማርኛም ይታተማል። ወላጆቻችሁ ቤት ሲመጣ ከማስታወቂያ ወረቀት ጋር አብሮ እንዳይጣል።

በማኅበረሰባችን ውስጥ የሚነገር አንድ አባባል አለ። «ከሚያሸንፈው ጋር መሆን ይሻላል፤ ነገ በር ይከፍትልናል» የሚል። በቅንነት ነው የሚነገረው። ስደተኛ ነን፣ በር ያስፈልገናል። ግን ላስተውለው ስሞክር አልዋጥ ይለኛል። ሁሉም ሰው አብሮት በቆመበት ቀን አብሮት የቆመን ሰው ማን ያስታውሰዋል? 4 ፐርሰንት ላይ እያለ አዳራሽ ከፍቶ፣ ቡና አፍልቶ፣ ጥያቄ የጠየቀውን ማኅበረሰብ ግን ማንም ፖለቲከኛ አይረሳም። ያን ጊዜ ዕጩው ጊዜ አለው። ቁጭ ብሎ ይሰማል። አንደኛ ከሆነ በኋላ እጅ ጨብጦ ያልፋል።

ጋሼን ልጨርስላችሁ። ፌብሩዋሪ 12 ቀን 2008 ብርዱ አጥንት የሚሰብር ቀን ነበር። ቨርጂኒያ፣ ሜሪላንድና ዲሲ በአንድ ቀን መረጡ። ጋሼ ከሌሊት ሥራ በቀጥታ መጥተው ድምፃቸውን ሰጡ። ቨርጂኒያን ኦባማ 64 ለ35 ወሰዱ። ማታ ደወሉልኝና «ያቺን 25 ዶላር እኔ ልክፈልህ» ብለው ሳቁ።

አሁን ጡረታ ወጥተዋል። በቅርቡ አንድ የክርስትና ድግስ ላይ ተገናኘን። ጠረጴዛው ላይ ወሬው የ2028 ነበር። ቫንስ ይህን ያህል፣ ኒውሰም ይህን ያህል፣ ሃሪስ ወረዱ፣ ቡቲጄጅ ወጡ። አንዱ ወጣት ስልኩን አውጥቶ ሰንጠረዥ አሳየን። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው አዩት። ከዚያ መለሱለትና ጠየቁ።

«እኔ ለወንድሜ የቤተሰብ ጥሪ ካመለከትኩ አሥር ዓመት አልፎኛል። ከእነዚህ ሰዎች ስለዚህ ነገር ምን እንደሚያደርግ የተናገረ አለ?»

እርስ በርስ ተያየን። ስድስት ሰዎች ነበርን። የሁሉንም ፐርሰንት እናውቃለን። የእሳቸውን ጥያቄ ግን አንዳችንም መመለስ አልቻልንም። ልጁ ስልኩን እንደገና አንስቶ መፈለግ ጀመረ፤ እኔም ወንበሬን ወደ እሱ አስጠግቼ አብሬው ማንበብ ያዝኩ።